ሁለቱ ይሁዳዎች

አማርኛችን ጉደኛ ቋንቋ ነው። «ይሁዳ» የምትል አንዲት ቃል አለችው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሲጭኑ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ተብላ ከዙፋን በላይ የዋለችው ይህች ቃል ናት። በሰሞነ ሕማማት ደግሞ ጌታውን ስሞ በሠላሳ ብር የሸጠው ሰውዬ የሚጠራው በዚህችው ቃል ነው። በእሱ መሳም የተነሳ ሳምንቱን ሙሉ አንሳሳምም፣ ሰላምታ እንኳ አንለዋወጥም። ፈረንጆቹ የነገዱን አባትና የከዳተኛውን ስም ለየት ለየት አድርገው ይጽፉታል። እኛ ግን ግዕዙም አማርኛውም አንድ ነው። ክብራችንም ይሁዳ፣ ስድባችንም ይሁዳ!

ነገሩ የስም መገጣጠም ብቻ ቢሆን ኖሮ የዛሬውን ገጽ ባልያዘ ነበር። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበርኩባቸው ዓመታት ግን ደጋግሞ ያስገረመኝ፣ ይህች የአንድ ቃል ሁለት ፊት የእኛው የራሳችን ፊት መሆኗ ነው። ከአይሁድ ጋር ያለን ዝምድና ሁለት ዓይነት ነው። በመጽሐፍ ላይ ያለውን እስራኤል አባቴ እንላለን። ከወንዝ ማዶ ያለውን እስራኤል ግን ቡዳ ስንለው ኖርን።

እስቲ ከመጽሐፉ እንጀምር። «ክብረ ነገሥት» ዛሬ በያዘው መልኩ የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። አዘጋጁም የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ መሆኑ በመጽሐፉ መዝጊያ ተነግሯል። ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ ንግሥት ማክዳ ኢየሩሳሌም ወረደች፣ ከሰሎሞን ምኒልክን ወለደች፣ ልጁ አድጎ አባቱን ሊያይ ሄደ፣ ሲመለስም የእስራኤል ሹማምንት የበኩር ልጆች አጀቡት፣ የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስም ታቦቷን ይዞ ወጣ። እንደ ልብ ወለድ ካያችሁት አፈሳሰሱ የሚደነቅ ነው። እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉትን አንድ ቅጂ አፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 በደብዳቤ ጠይቀው ማስመለሳቸው ያለ ነገር አይደለም። መጽሐፉ ተረት ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ሰነድ ነበራ! በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሳይቀር የንጉሡ ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ እንደሚወርድ ተጽፎ ነበር።

ሐያሲ ግን መጽሐፍ ሲያነብ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ይፈልጋል። ክብረ ነገሥት ውስጥ ታቦቱ መጣ፣ ሕጉ መጣ፣ ካህናቱ መጡ፣ የበኩር ልጆቹ መጡ። ክብሩ ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ ተዛወረ። ታዲያ እዚሁ አገር ውስጥ ኦሪትን ይዘው፣ ክርስትናን ሳይቀበሉ የቀሩት የት አሉ? በመጽሐፉ ስሌት እውነተኛው እስራኤል በክርስቶስ ያመነው ኢትዮጵያዊ ስለሆነ፣ ያላመነው ቦታ የለውም። መጨረሻ ላይ አይሁድ የሚነሱት እንዲወቀሱ ነው። ስሙን ወረስን፣ ባለስሙን ከቤት አስወጣን።

ይህ ሐሳብ ከራሱ ከክርስትናው መጽሐፍ ጋር እንኳ ይጋጫል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 11 ላይ አሕዛብን በወይራ ግንድ ላይ ከተዳቀለ የዱር ቅርንጫፍ ጋር ያመሳስላቸዋል። ሥሩን የምትሸከመው አንተ ስላልሆንክ አትታበይ የሚል ምክርም ያስከትላል። የእኛ ደራሲ ግን ቅርንጫፉን ሥር አድርጎ አረፈው።

የአኗኗራችንን ነገር ካየን ደግሞ ጉዱ ይብሳል። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን እንገርዛለን። የአሳማ ሥጋ አንበላም። ቤተ ክርስቲያናችንን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው ታቦት ነው። ቅዳሜን «ቀዳሚት ሰንበት» ብለን እናከብራለን። ለዚህች ቀን ሲሉ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ብዙ ከተሰደዱ በኋላ ነው በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የተፈቀደችው። ኋላ ኢየሱሳውያን መጥተው «እናንተማ አይሁድ ናችሁ» ቢሏቸው አፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 የሃይማኖት መግለጫ ጻፉ። ግዝረቱ የአገር ልማድ ነው፣ ሰንበቱንም እንደ አይሁድ አናከብርም፣ አሳማውንም የምንተወው በኦሪት ሕግ ታስረን አይደለም ብለው አስረዱ። ጥሩ መልስ ነው። ንጉሡ የራሳቸውን ወገን ልማድ ከእምነት ለይተው በማስተዋል ተረጎሙት።

ይኸው ማስተዋል ግን ለጎረቤት አልተረፈም። በትውፊት እንደሚነገረው ከእሳቸው መቶ ዓመት በላይ ቀድመው የነገሡት አፄ ይስሐቅ በጎንደርና በስሜን ዙሪያ ያሉትን ኦሪታውያን ድል ካደረጉ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን የሚል አዋጅ አወጁ። «ፈላሻ» የሚለው ስያሜም ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቃሉን ልብ በሉልኝ። ግዕዙ «ፈላሲ» ሲል ስደተኛ፣ መጻተኛ ማለቱ ነው። መነኩሴም ዓለምን ንቆ ሲወጣ ፈላሲ ይባላል። ለመነኩሴው ማዕረግ የሆነው ቃል ለገበሬው ርስት መነቀያ ሆነ። አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን ስሜን ድረስ ዘመቱባቸው፤ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ መሪያቸው ጌዴዎን ተገድሎ የነበራቸው ራስን የማስተዳደር ነገር አበቃ።

መሬት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? በእጁ ይኖራል። ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸማ ሸመኑ፣ የጎንደርን ግንብና አድባራት ገነቡ። ማረሻውን ከእነሱ እየገዛን፣ በምጣዳቸው እንጀራ እየጋገርን «ማታ ጅብ ይሆናሉ» አልን። ያለ ርስት አስቀርተናቸው በእጃቸው መኖራቸውን መልሰን ወንጀል አደረግነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እኔን እንደሰደበ ነው የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። አዋጁ ተነገረ፣ ስድቡም ቀጠለ።

«ድሮ ቀረ» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ይኸውላችሁ እንግዲህ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሰፈራችን መንገድ ዳር ሸክላ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት አለች። አንድ ቅዳሜ ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር ስናልፍ ጀበና ገዛሁ። «የት የተሠራ ነው?» አልኳት። «ቀጨኔ» አለችኝ ጎንበስ ብላ እየጠቀለለች። አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አስራለች። ጥቂት እንደራቅን ጎረቤቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝና፣

«ጋሼ፣ ቡና ሳይፈላበት ጸበል ይርጩበት» አለችኝ።

«ምነው?»

«ኧረ ያው የቀጨኔዎቹ እኮ... ባለ እጅ ናቸው። ዓይናቸው ጥሩ አይደለም ይባላል።»

«ማተብ አስራለች እኮ!»

«ማተብማ ያስራሉ» አለችኝ፤ ነገሩ ያለቀለት ይመስል። ጎረቤቴ ደግ ሴት ናት፣ ብታመም ሾርባ ይዛ የምትመጣ። የእሷም አንገት ላይ ያለው ክር ከሸክላ ሻጯ ክር አይለይም። አንዱ ክር ክርስቲያን ሲያደርግ አንዱ ለምን እንደማያደርግ ግን ማናችንም መልስ አልነበረንም።

ቀጨኔ ውስጥ ራሳቸውን «ቤተ አብርሃም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ናቸው። በአደባባይ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ልጅ ክርስትና ያስነሳሉ። በጓዳ ግን ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው የኦሪት ሥርዓት አለን፣ በሰሜን ሸዋ ገዳማትም አሉን የሚሉ ሽማግሌዎች አሏቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከወጣቶቻቸው ወደ አደባባይ ወጥተው አይሁድ ነን ያሉ አሉ። ሽማግሌዎቹ መደበቁን፣ ልጆቹ መገለጡን መረጡ። ሁለቱም ምርጫ የተወለደው ከእኛ ፊት ነው። ለማንም ባይጎዳ ኖሮ ማን ጓዳው ውስጥ ይጸልይ ነበር?

ወደ ጎንደር እንመለስ። እዚያ ጥያቄው በአውሮፓውያን እጅ እንደገና ተነሳ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አይሁድን ወደ ክርስትና ለማምጣት ለንደን ላይ የተቋቋመ ማኅበር ሔንሪ ስተርንንና ማርቲን ፍላድን ላከ። አፄ ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ ፈቀዱላቸው። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ ያመነው ሰው የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይሁን። እንግዲህ አስቡት፣ ሰባኪው ፕሮቴስታንት፣ አጥማቂው ኦርቶዶክስ፣ ተጠማቂው ቤተ እስራኤል! በ1854 ዓ.ም. አባ ማኅሪ የሚባሉ መነኩሴያቸው «ወደ ተስፋይቱ ምድር» ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወጡ። እንደ ሙሴ ቀይ ባሕርን ሊሻገሩ ነበር። ብዙዎች ትግራይ ላይ በረኃብና በበሽታ አለቁ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ የቀሩት ተበተኑ። ያን ጊዜ ክርስትና የተነሳ ስንቱ አምኖ፣ ስንቱ ርቦት እንደሆነ የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው።

ከእነዚህ ሚሲዮኑ ከደረሰባቸው ቤተሰቦች ታምራት አማኑኤል ወጡ። በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስመራ ሲማሩ ዣክ ፋይትሎቪች አግኝቷቸው ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው፤ ፍሎረንስም ተማሩ። ወደ አይሁድነት ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት መሩ። ከነጻነት በኋላ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አገለገሉ፣ መጨረሻቸውም ኢየሩሳሌም ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ሥራቸው ነው። ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን የጻፏት አጭር ጽሑፍ አለች፤ ከዘመናዊ አማርኛ ሂስ ቀዳሚዎች መካከል ልትቆጠር የምትገባ። እዚህ አገር ሥነ ጽሑፍ የሚማር ልጅ ስንቱ ስማቸውን ይሰማል? አማርኛን እንደ ቤቱ የሚያውቅ ሰው፣ የደራስያኑን ሚዛን የያዘ ሰው፣ «የእኛ» ተብሎ ለመቆጠር ምን ይቀረው ነበር?

አሁን ደግሞ ማዶውን እንይ፤ ፍርድ ለአንድ ወገን ብቻ አይሆንምና። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል እስራኤል ገቡ፤ በእግር ጉዞውና በሱዳን ካምፖች ያለቁት ወደ አራት ሺህ እንደሚጠጉ ይነገራል። እዚያ ሲደርሱ ምን ተባሉ? ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 አይሁድ ናቸው ብለው መስክረውላቸው ሳለ፣ የራቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ለጥንቃቄ ያህል ውሃ ውስጥ ግቡ አላቸው። በ1985፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ኢየሩሳሌም ላይ ለሳምንታት አደባባይ ተቀምጠው ተቃወሙ። ትርጉሙ የገባቸው እነሱ ነበሩ። እዚህ «ካልተጠመቅህ መሬት የለህም» ሲባሉ ኖረው፣ እዚያ «ካልተነከርህ አይሁድነትህ አይጸናም» ተባሉ። ሁለቱም ዘንድ በር ላይ ውሃ ተቀምጧል።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ሲወሰድ፣ አያቶቻቸው ክርስትና ተነስተው ነበር የተባሉት «ፈላሽ ሙራ» ወደ ኋላ ቀሩ። የእስራኤል የመመለስ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሻሻል፣ አይሁድ ማለት ከአይሁድ እናት የተወለደ ወይም ወደ አይሁድነት የገባ፣ የሌላ ሃይማኖት አባል ያልሆነ ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1962 ወንድም ዳንኤል የሚባል ፖላንዳዊ መነኩሴ ይህን ጥያቄ ይዞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ከአይሁድ ተወልዷል፣ በናዚ ዘመን አይሁድን ከሞት አትርፏል፣ ኋላ ግን ካቶሊክ ሆኗል። ፍርድ ቤቱ በመመለስ ሕግ አንቀበልህም አለው። ዳንኤል ግን ገዳም የገባው በራሱ ፈቃድ ነው። በክፉ ቀን ክርስትና የተነሳች የጎንደር አያት ፈቃዷ የቱ ላይ ነበር?

ከብዙ ክርክር በኋላ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ፈላሽ ሙራ ገብተዋል። የገቡት ግን በመመለስ ሕግ ሳይሆን በሌላ በር ነው፤ ከገቡም በኋላ ወደ አይሁድነት የመመለስ ትምህርትና ሥርዓት ይጠብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጨረሻው በረራ ነው ተባለ። በ2015 የቀሩት ይምጡ ተባለ። ከ2020 እስከ 2023 ደግሞ ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ ተጓዙ። በዚህ መካከል እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ እየሆነ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይቶ ተራ እየጠበቀ ያረጀው ስንቱ ነው! እዚህ ፈላሻ፣ እዚያ ክርስቲያን፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይሄ ነው።

ቆጠራው እኮ ራሱ አይጣጣምም። እኛ ዘር የምንቆጥረው በአባት ነው፣ ራቢዎቹ በእናት። በዚህ ሚዛን ቀዳማዊ ምኒልክ ዛሬ ቴላቪቭ አውሮፕላን ማረፊያ ቢደርስ ምን የሚገጥመው ይመስላችኋል? «አባትህ ሰሎሞን መሆኑን ሰምተናል፤ እናትህ ግን ፀሐይ ታመልክ ነበር አይደል? ወረቀት አለህ?» ሞዓ አንበሳው ራሱ ወረፋ ሊይዝ ነው!

«እነዚህ ሰዎች እኮ ለእንጀራ ሲሉ ነው አይሁድ የሆኑት» የሚል ክርክር እዚህም እዚያም ይሰማል። ሊኖሩ ይችላሉ። ድኻ አገር ነን፣ ማን ለመሄድ ያልተመኘ አለ? ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያኔ ለርስት ሲሉ ሲጠመቁ ልባቸውን መርምረን ነበር? ለመሬት የመጣውን ክርስቲያን እልል ብለን ተቀብለን፣ ለቪዛ የሚሄደውን አይሁድ ወላዋይ ማለት ምን ዓይነት ሚዛን ነው? የተጠመቀ ይውረስ ብለን በሩን የእንጀራ በር ያደረግነው እኛው ነን።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ደግሞ የገባነውን ቃል አለመጠበቃችን ነው። ያልነው «ተጠመቅና ከእኛ ሁን» ነበር። ተጠመቁ። ከመካከላቸው ከልባቸው ያመኑ፣ ከማንም ያላነሰ ክርስቲያን የሆኑ፣ ልጆቻቸውን ለድቁና ያበቁ አሉ። እኛ ግን ጥምቀቱን ተቀብለን ሰዎቹን አልተቀበልንም። ጋብቻ ሲመጣ ሰባት ቤት ተቆጠረ፣ «እነሱ እኮ...» ተባለ። ክርስትናው ክርስቶስን የለበሰ ሁሉ አንድ ነው ይላል። የእኛ ክርስትና ግን ከዘር በኋላ የሚቆጠር ሁለተኛ መታወቂያ ሆነ። ልጅ ልጃቸው ተነስቶ «እንግዲያው ወደ አያቴ ልመለስ» ቢል ምን ይደንቃል? ሃይማኖት ለወጠ ብለን ከመውቀሳችን በፊት፣ በሃይማኖታችን ውስጥ ወንበር ሰጥተነው እንደነበር እንጠይቅ። አይሁድ ነኝ ያለው አይሁድነቱን፣ ክርስቲያን ነኝ ያለው ክርስትናውን ከአንደበቱ ሰምተን ማመን ያቅተናል እንዴ?

ይህን ጥያቄ ከእኛ ከኮዬ ፈጬ ሰዎች የተሻለ የሚረዳው የለም ብዬ አስባለሁ። የ2011ዱን የየካቲት ዕጣ የሚያስታውስ ያስታውሳል። አንዱ ዓመታት የቆጠበበትን ቤት ቁልፍ ይጠብቃል፣ አንዱ አባቱ ያረሰው መሬት ላይ የቆመውን ፎቅ ያያል፣ መሀል ላይ «የማን ናችሁ?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚህ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ በከተማዋ ዙሪያ የሰፈርን ሁሉ ይህችን ጥያቄ እናውቃታለን። ስንጠየቃት ያመናል። ሌላውን ስንጠይቅ ግን አትታወቀንም። ቤተ እስራኤል ይህንን ጥያቄ ሲጠየቅ የኖረው ስድስት መቶ ዓመት ያህል ነው፤ ያውም በገዛ ስሙ በሚጠሩ ነገሥታት።

ዘውዱ ከወረደ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ የይሁዳ አንበሳ ዛሬ የሐውልት ድንጋይ ነው። የአስቆሮቱ ይሁዳ ደግሞ በየዓመቱ በሰሞነ ሕማማት ይነሳል። ሁለቱን ደህና አድርገን እናውቃቸዋለን። ሦስተኛው፣ ምጣዳችንን የሚሠራው፣ ከጎናችን ቆሞ የሚያስቀድሰው ወይም በጓዳው ሰንበቱን የሚጠብቀው ግን ማነህ ተብሎ በክብር ተጠይቆ አያውቅም። ብንጠይቀው ይነግረን ነበር።

ቸር እንሰንብት።